ከመጠምጠም መማር ይቅደም

ባለፈው ሱሪ ላሳጥር ደሴ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት ገባሁ። ሙያ የሚለምደው ልጅ «ጋሼ፣ ይሄን እኔ ልቁረጠው?» አለ። ሰፊው ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም!» አሉት። ልጁ ዝም አለ። አባባሉን ከልጅነቴ እወደዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ቅር አለኝ።

ጥምጥም ራስ ላይ የሚዞረው ጨርቅ ነው። ወሎ ውስጥ ቄሱም ሼሁም ይጠመጥማሉ። ሁለቱም ዘንድ «ይህ ሰው ተምሯል፣ ጠይቁት» የሚል ምልክት ነው። ሳይማር የጠመጠመ ሰው ሲጠየቅ ያፍራል። የባሰው ደግሞ፣ አምኖ የጠየቀውን ሰው ያሳስታል። አባባሉ የወጣው ከዚህ ነው።

ብዙ ሰው የሚያልፋት ግን የመጨረሻዋን ቃል ነው። «ይቅደም» ነው የሚለው። የሚቀድም ካለ የሚከተል አለ። አትጠምጥም አላለም፤ ተራውን ነው የነገረን።

ደግሞስ መማር ማለት የመምህርን ቃል መድገም ብቻ ነው እንዴ? በቅኔ ስሟ የተጠራውን የወሎዋን ዋድላን እንይ። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ካላት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል። የመምህሩን ቅኔ ሸምድዶ ቢመጣ አይሆንለትም። ብቻውን ጥግ ይዞ ይቆጥራል፤ ቆጠራ የሚሉት የራስን ቅኔ በሐሳብ ማውጣት ማውረዱን ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። እሳቸው ያርሙታል፣ አንዳንዴም ያፈርሱበታል። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል። ልብ በሉ፣ ይህ ልጅ ጥምጥሙ ገና ሩቅ ነው። የራሱን መሞከር የጀመረው ግን ከሁለቷ ቤት ነው።

በመስጊዱም በኩል እንዲሁ ነው። ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪው ማለት ነው፣ ከአንዱ ሼህ ፊቅህ (የእስልምና ሕግ)፣ ከሌላው ነህው (የዐረብኛ ሰዋስው) እየቀራ አገር ያቋርጣል። የወሎው ሼህ ጦልሃ ጃዕፈር ከዐረብኛ ኪታብ የተማሩትን ይዘው በአማርኛ መንዙማ ገጠሙ፤ ፊደሉ የዐረብ፣ ቃሉ የወሎ።

የወሎውን የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምንም ሳልጠቅስ አላልፍም። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ እዚያ ሲያስተምሩ አቡነ ተክለ ሃይማኖት እግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። በኋላ ሸዋ ተመልሰው የራሳቸውን ገዳም መሠረቱ። አባ ኢየሱስ ሞዐም ቢሆኑ ቀድሞ የትግራዩ የደብረ ዳሞ ገዳም ተማሪ ነበሩ።

ሱሪዬን ልወስድ ስመለስ ለሰፊው ይህንኑ አልኳቸው። «ጋሼ፣ የሰው ሱሪ አይቁረጥ፣ ልክ ነዎት። ከቁርጥራጩ ግን ይስጡት፤ ሠርቶ ያሳይዎትና ያርሙት።» ትንሽ አሰቡ። ከጠረጴዛው ሥር ካለው ካርቶን አንድ እራፊ መዘው ለልጁ ሰጡት።

«ምን ታወጣበታለህ?» አሉት።

«ኪስ» አለ።