በፖሊሽ ማሽን ላይ የሚነሱ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የኮምቦልቻ አቧራ በደረቅ ጨርቅ በተጠረገ ቁጥር የመኪና ኮፈን ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይተዋል። ለዚህ ጭረት ጀማሪ ሊይዘው የሚገባው ስፖንጁ በራሱ ዙሪያ እየዞረ ጎን ለጎንም የሚወዛወዘውን ባለ ሁለት እንቅስቃሴ ማሽን ነው። ስለ እሱ የሚባለው ግን ብዙው ስህተት ነው።

«ፖሊሽ ጭረቱን ይሞላዋል»

አይሞላም፤ በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ቀለም እየፋቀ ያስተካክላል። በአብዛኛው የፋብሪካ ቀለም ላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ደግሞ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ገደማ ብቻ ነው፤ የተፋቀው አይመለስም። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዘው ጭረት ጥልቅ ስለሆነ ይቅርባችሁ፤ አደብዝዛችሁ ተዉት።

«በደንብ ሲጫኑት ቶሎ ያጠራል»

ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያደክመው ይህ ነው። የዚህ ማሽን ስፖንጅ የሚዞረው በነፃ ነው። ሲጫኑት መዞሩን ያቆምና መንቀጥቀጥ ብቻ ይቀረዋል፤ ጭረቱ እንዳለ ይቆያል፣ ስፖንጁ ግን መሃሉ ላይ ይግላል፣ ማጣበቂያውም ይለቃል። ስፖንጁ የሚለጠፍበት ሳህን ጠርዝ ላይ በማርከር አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ሲዞር ካልታየ እጃችሁን አቅልሉ፣ ወይም ስፖንጁ ጠፍጣፋ አለመቀመጡን እዩ። የማሽኑ ክብደትና የእጅ ትንሽ ድጋፍ ይበቃል።

«ጠንካራው ኮምፓውንድ ይቅደም»

ኮምፓውንድ ቀለም አብዝቶ የሚፍቅ ሻካራ ፖሊሽ ነው፤ በተቃራኒው ለስላሳ ስፖንጅና ደቃቅ ፖሊሽ ይቅደም። መኪናው ታጥቦ ደርቆ፣ ፕላስቲኩና ጎማው በወረቀት ፕላስተር ከተሸፈነ በኋላ፣ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር ቦታ ላይ ሞክሩ። አተር የሚያህሉ 4 ጠብታዎች በቂ ናቸው። በማሽኑ የፍጥነት ቁጥር 1 አዳርሱት፤ ከዚያ በቁጥር 4 ወይም 5፣ በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር እየተጓዛችሁ፣ እያንዳንዱን መስመር በግማሽ እየደረባችሁ፣ አንዴ አግድም አንዴ ቁልቁል 4 ጊዜ እለፉ። በማይክሮፋይበር ጨርቅ ጥረጉና በውኃ በቀጠነ አልኮል ደግማችሁ አጽዱ፤ የፖሊሹ ዘይት ጭረቱን ደብቆት ሊሆን ይችላል። አሁንም ካለ ያኔ ጠንከር ያለ ስፖንጅ ቀይሩ። ለመላው መኪና 4 ወይም 5 ስፖንጅ ያስፈልጋል፤ ከእያንዳንዱ ቦታ በኋላ በብሩሽ ይጽዳ፤ የተጠራቀመ ፖሊሽ ራሱ ይጭራል።

«ፀሐይ ላይ ይሻላል፣ ጭረቱ ይታያል»

ለማየት ፀሐይ፣ ለመሥራት ጥላ። በኮምቦልቻ ቀትር ብረቱ ይግላል፤ ፖሊሹ ሳይሠራ ይደርቅና እንደ ኖራ ይጣበቃል። ማለዳ ይሻላል። ደሴ ላይ ደግሞ በጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አትጀምሩ። ነፋስ አቧራ ካነሳ አቁሙ፣ መኪናውንም እንደገና እጠቡ። መሬት የወደቀ ስፖንጅ ሳይታጠብ ቀለም አይንካ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት የሰዓታት ሥራ ታበላሻለች።

«ይህ ማሽን ቀለም ሊያበላሽ አይችልም»

በአንድ ምሶሶ ብቻ እያስገደደ ከሚዞረው ማሽን ይልቅ ጉዳቱ ያነሰ ነው እንጂ ከአደጋ ነፃ አይደለም። የበርና የኮፈን ጠርዝ ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ ወይ በፕላስተር ሸፍኑት፣ ወይ በእጅ ሥሩት።

«ስፖንጁ ቀለም ከያዘ መኪናው ተበላሸ»

ግልጽ ሽፋን በሌለው የድሮ ቀለም ላይ ይህ የተለመደ ነው። ሽፋን ባለው መኪና ላይ ከታየ ግን ሽፋኑ አልቋልና ወዲያው አቁሙ፤ ያ ቦታ ከዚህ በኋላ የቀለም ቀቢ ሥራ ነው።