ብሩክስ፦ በካናዳ ሜዳ ላይ ያለች የቄራና የሆኪ ከተማ

ብሩክስ በካናዳ አልበርታ ክፍለ ሀገር ደቡብ ምሥራቅ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ከካልጋሪ በትራንስ ካናዳ አውራ ጎዳና ወደ 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ2021 የሕዝብ ቆጠራ 14,924 ነዋሪ ነበራት። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በሰው ብዛት ካየናት በእኛ አገር ከአንዲት የወረዳ ከተማ አትበልጥም። ግን አማርኛ፣ ሶማልኛ፣ አረብኛ፣ ታጋሎግና ስፓኒሽ በአንድ ሱፐርማርኬት ሰልፍ ላይ ሊሰማ ይችላል። ቅጽል ስሟም «የመቶ ሰላምታ ከተማ» ነው።

ዙሪያዋ ፕሬሪ የሚባለው ሜዳ ነው። ተራራ የለም፣ ጫካም የለም። ሣር፣ ሰማይና ንፋስ ብቻ። ዊንተሩ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘልቃል፤ ከዜሮ በታች 20 እና 30 ዲግሪ መውረድ ማንንም አያስደንቅም። አንዳንዴ ችኑክ የሚባል ሞቃት ንፋስ ከምዕራቡ ተራሮች ይመጣና በጥቂት ሰዓት ውስጥ በረዶውን ያቀልጠዋል። ሰው ጃኬቱን ጥሎ ይወጣል። ብርዱ ግን ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

የብሩክስን ኑሮ መረዳት የፈለገ ሰው ከሁለት ነገር ቢጀምር ይሻላል፤ ከብርዱና ከቄራው ሺፍት (የሥራ ፈረቃ)። ሰው የት እንደሚኖር፣ መቼ እንደሚያርፍ፣ ከማን ጋር እንደሚገናኝ በአብዛኛው የሚወስኑት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አመሠራረት

ከተማዋ እንደ ብዙዎቹ የፕሬሪ ከተሞች ከባቡር ሐዲድ ጋር ነው የመጣችው። ስሟን ያገኘችው ከካናዳ ፓስፊክ ባቡር ኩባንያ መሐንዲስ ከኖኤል ብሩክስ ነው። በ1910 የከተማነት ዕውቅና አገኘች፤ ከፍ ያለውን የ«ሲቲ» ደረጃ ያገኘችው ግን በ2005 ነው።

ባቡር ኩባንያው እዚህ ሰፊ መሬት ነበረው። ችግሩ መሬቱ ደረቅ ነው፤ በዓመት የሚዘንበው ከ400 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ውሃ የሌለው መሬት ደግሞ ገዢ አያገኝም። ስለዚህ ኩባንያው ባሳኖ በሚባል ቦታ ቦው ወንዝን ገደበና ቦይ መዘርጋት ጀመረ። ከብሩክስ አጠገብ መሬቱ ወደ ታች ዝቅ ስለሚል ውሃውን በአየር ላይ ማሻገር ግድ ሆነ። በ1914 የተጠናቀቀው የብሩክስ አኩዌደክት ይህን ለማድረግ የተሠራ ነው። በኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ የተንጠለጠለ ቦይ ሲሆን ርዝመቱ 3.2 ኪሎ ሜትር ነው።

እኔን የሚገርመኝ ሐዲዱን የተሻገረበት ዘዴ ነው። ቦዩ ከባቡሩ መንገድ ጋር ሲገናኝ በላይ አልሄደም፤ ባቡሩ ማለፍ አለበት። ውሃው በቱቦ ወደ ታች ይገባና በሐዲዱ ሥር አልፎ በወዲያኛው በኩል በራሱ ግፊት ተመልሶ ይወጣል። ፓምፕ የለም። ቦዩ እስከ 1979 ድረስ ሠራ፤ በኋላ በአፈር ቦይ ተተካ። ዛሬ ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ነው።

መስኖውን ከ1935 ጀምሮ የሚያስተዳድረው ምሥራቃዊ የመስኖ ዲስትሪክት የሚባለው የገበሬዎቹ ተቋም ነው። ስንዴ፣ የከብት መኖና ሣር የሚበቅለው በዚሁ ውሃ ነው። መኖ ካለ ከብት አለ። ከብት ካለ ቄራ ይመጣል።

ቄራው

ከከተማዋ ወጣ ብሎ በአውራ ጎዳናው ዳር ያለው የሥጋ ፋብሪካ በ1966 በከብት ማድለቢያነት ጀመረ። ማረድ የጀመረው በ1974 ነው። በ1994 አይቢፒ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ገዛውና በጣም አሰፋው። ከዚያ ወደ ታይሰን፣ ከታይሰን ወደ ኤክስ ኤል ፉድስ ተላለፈ። ከ2013 ጀምሮ የብራዚሉ ጄ ቢ ኤስ ነው የያዘው። በካናዳ ካሉት ትልልቅ የከብት ቄራዎች አንዱ ነው።

ሥራው ከባድ ነው። እዚያ አንድ ሰው ሙሉ ብልት አያወጣም። ሥጋው በተንቀሳቃሽ መስመር ላይ ፊቱ ይመጣል፤ አንዷን ቁራጭ ቆርጦ ያሳልፋል፤ ሌላው ይመጣል። ይሄው ነው ሙሉ ሺፍት። እጅ፣ ትከሻና ወገብ ያልቃል። የአካባቢው ሰው አልበቃ ሲል ኩባንያው ከካናዳ ምሥራቅ ጫፍ ከኒውፋውንድላንድ ድረስ ሠራተኛ ፈለገ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ከሱዳን፣ ከሶማሊያ፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎችም አገሮች የመጡ ስደተኞች ጎረፉ። ሥራው ብዙ እንግሊዝኛ አይጠይቅም፤ ክፍያው ደግሞ አዲስ መጪ ትልልቆቹ ከተሞች ውስጥ ከሚያገኘው ይሻላል። ወሬው በስልክ ተዳረሰ። ቆይቶ በጊዜያዊ የሥራ ፈቃድ ከፊሊፒንስና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ተጨመሩ።

ሁለት ጊዜ ቄራው የመላው ካናዳ ዜና ሆኗል፤ የ2012ቱን የተበከለ ሥጋ ጉዳይ ሳንቆጥር። በ2005 ጥቅምት ሠራተኞቹ የመጀመሪያ የኅብረት ስምምነታቸውን ለማግኘት ሥራ አቆሙ። አድማው ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀ፤ ከፊት ከነበሩት መካከል አፍሪካውያን ስደተኞች ይበዙ ነበር። በስምምነት አለቀ። በ2020 ጸደይ ደግሞ ኮቪድ ገባ። ከ600 በላይ ሠራተኞች ተያዙ። ትከሻ ለትከሻ ቆሞ የሚሠራ፣ በአንድ መኪና ተጭኖ የሚመላለስና ቤት ተጋርቶ የሚኖር ሰው እንዴት ነው የሚራራቀው?

መኖሪያ

ቄራው ሲሰፋ ቤት ጠፋ። ዛሬም ቢሆን አዲስ መጪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በደባልነት ነው። ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ለአራት ይከራያሉ፤ ሁለቱ የቀን ሺፍት፣ ሁለቱ የማታ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። አብረው እየኖሩ ቁጭ ብለው የሚያወሩት እሑድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከደባልነት ቀጥሎ ቤዝመንት ይመጣል፤ ባለቤቱ ከላይ፣ ተከራዩ ከታች።

ሦስተኛው መንገድ ትሬይለር ነው፤ ፋብሪካ ተሠርቶ ተጎትቶ የሚመጣ ረዘም ያለ ቤት። ዋጋው ከመደበኛ ቤት በብዙ ያንሳል። ግን በትሬይለር መንደር ውስጥ ቤቱ የራስህ ሆኖ የቆመበት መሬት የሌላ ሰው ሊሆን ይችላል፤ የመሬቱን ኪራይ በየወሩ ትከፍላለህ። ስሙ ተንቀሳቃሽ ነው እንጂ አንዴ ከቆመ ማንቀሳቀሱ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ሌላ ጣጣም አለው። ቤቱ ከመሬት ከፍ ብሎ ስለሚቆም የውሃ ቱቦው በሥሩ ያልፋል። ቱቦው ላይ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገመድ ይጠመጠማል፤ ዙሪያውም በሽፋን ይከለላል። ገመዱ በዊንተር ሌሊት ከተበላሸ ጠዋት ቧንቧው ጠብታ አያወጣም። ትሬይለር የሚገዛ ሰው ከሳሎኑ በፊት ሥሩን ጎንበስ ብሎ ቢያይ ይሻለዋል።

የኪራይ ሕጉን ማወቅም ይጠቅማል። አልበርታ ውስጥ አከራይ በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ኪራይ መጨመር አይችልም፤ ስንት ይጨምራል ለሚለው ግን ጣሪያ የለም። የማስያዣ ገንዘብ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም። ይህን የማያውቅ አዲስ ሰው ሁለት ወር ክፈል ቢባል ይከፍላል።

ቤት መግዛት ከካልጋሪ ጋር ሲወዳደር ይቀላል። ጥቂት ዓመት ኦቨርታይም የገፋ ባልና ሚስት፣ ሁለቱም ቄራ ከሠሩ፣ ቅድመ ክፍያ ማጠራቀም ይችላሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ በኒዌል ሐይቅ ዳር ደግሞ ሌላ ዓለም አለ፤ ሰፋፊ ቤትና ጀልባ ያለው ሰፈር። የመስመር ሠራተኛ እዚያ ብዙም አይገኝም።

በየትኛውም ሰፈር ቢሆን በዊንተር አንድ የጋራ ነገር አለ። ከመኪኖቹ አፍንጫ የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ታያለህ። ሞተሩ በብርዱ እንዳይቀዘቅዝ ሌሊቱን ሶኬት ላይ ተሰክቶ ያድራል። የመኪና ማቆሚያ ስትከራይ «ሶኬት አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ እዚህ ተራ ጥያቄ ነው። ጠዋት ሺፍቱ አይጠብቅም።

በጣሪያ ሥር መዝናናት

አገር ቤት ትንሽ ከተማ ውስጥ ሰው የሚገናኘው ደጅ ነው። መንገድ ላይ፣ ሱቅ በር ላይ፣ ጀበና ቡና ጋ። ብሩክስ ውስጥ ግማሹን ዓመት ደጅ የለም። የጎዳናውን ሥራ የሚሠሩት ጣሪያ ያላቸው ቤቶች ናቸው። መዋኛና የስፖርት ቦታ የያዘው ትልቁ የመዝናኛ ማዕከል ጄ ቢ ኤስ ካናዳ ሴንተር ይባላል። አዎ፣ የቄራው ስም ነው። ሺፍት ጨርሶ ልጁን ለዋና የሚወስድ ሠራተኛ በር ላይ የአሠሪውን ስም እያነበበ ይገባል። አንዳንዱ ለከተማው ውለታ ነው ይላል። ለእኔ ግን ከተማው በማን እጅ እንደተያዘ ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው።

የከተማዋ ኩራት የበረዶ ላይ ሆኪ ነው። ብሩክስ ባንዲትስ የተባለው የወጣቶች ቡድን በ2000 የተመሠረተ ሲሆን የካናዳን ብሔራዊ የጁኒየር ዋንጫ በ2013፣ በ2019፣ በ2022 እና በ2023 አንስቷል። ለ15 ሺህ ሰው ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የሚጫወትበት ሴንቴኒያል አሬና በ2010 ተከፈተ። ዛሬ በዓለም ካሉት ምርጥ ተከላካዮች አንዱ የሆነው ኬል ማካር ኤን ኤች ኤል በሚባለው ትልቁ የሆኪ ሊግ ለኮሎራዶ ቡድን ከመመረጡ በፊት የተጫወተው እዚህ ነው። በ2017 በአራተኛነት ተመረጠ፤ በ2022 የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አነሳ።

ተጫዋቾቹ ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከሌላ ቦታ ነው የሚመጡት። ሆቴል አያድሩም። የከተማው ቤተሰቦች ተቀብለው ያኖሯቸዋል፤ ምግብ ያበሏቸዋል፣ ክፍል ይሰጧቸዋል። ከገጠር ለትምህርት ተልኮ ዘመድ ቤት እንደሚያርፍ ልጅ ማለት ነው። ጨዋታ ቀን እነዚያ ቤተሰቦች የሚጮኹት ለቡድኑ ብቻ ሳይሆን ጠዋት ቁርስ ላበሉት ልጅ ጭምር ነው። ትንሽ ከተማ ቡድኗን አጥብቃ የምትወደው አንዱ ምክንያት ይኼ ይመስለኛል።

የስደተኛ ልጆች በሆኪ ብዙም አይታዩም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጫማው፣ መከላከያው፣ ዱላው፣ የበረዶው ኪራይ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሌላ ከተማ ድረስ መንዳት፤ ሁሉም ገንዘብና ጊዜ ነው። የማታ ሺፍት የሚሠራ አባት በጠዋት ተነስቶ ልጅ ለልምምድ ማድረስ ይከብደዋል። ኳስ ግን አንዲት ኳስ ትበቃዋለች፤ ልጆቹም ወደዚያ ነው የሚሄዱት። ከርሊንግ ደግሞ የሽማግሌውም የወጣቱም ነው። ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ የግራናይት ድንጋይ በበረዶ ላይ ይንሸራተታል፤ ሁለት ሰው በመጥረጊያ እየጠረገ መንገዱን ያስተካክልለታል። ለአዲስ ተመልካች ያስቃል። ግማሽ ሰዓት ካየህ ግን ትያዛለህ።

ሰመር ሲመጣ ሁሉም ይወጣል። ኒዌል ሐይቅ የመስኖው ግድብ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው፤ ኪንብሩክ አይላንድ የሚባለው ፓርክ ላይ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ዓሣ ያጠምዳል፣ ይዋኛል። ነጭ ፔሊካኖች አሉ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ዳይኖሰር ፕሮቪንሺያል ፓርክ አለ፤ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሜዳው በድንገት ወደ ሸለቆ ይገባና የተሸረሸረ ኮረብታና የዳይኖሰር አጥንት ቅሪት ይታያል። ሮዲዮ የሚባለው የካውቦዮች የፈረስና የከብት ውድድርም አለ፤ ለሥጋ ሠራተኛው ግን ከብት ማየት መዝናኛ መሆኑ አከራካሪ ነው።

ማኅበራዊ ኑሮ

ከተማዋ ከ1910 ጀምሮ የሚታተም ብሩክስ ቡለቲን የተባለ ጋዜጣ አላት። ማን ሞተ፣ ማን ተመረቀ፣ ምክር ቤቱ ምን ወሰነ፤ እዚያ ይገኛል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ለአዲስ መጪ በጣም ይጠቅማል፤ ኢንተርኔት አለ፣ ሙቀት አለ፣ ማንም ግዛ አይልህም። ቤተ ክርስቲያኖችና መስጊድ ደግሞ ከጸሎት ሌላ የሥራና የቤት ወሬ መለዋወጫም ናቸው። የትኛው አከራይ ጨዋ ነው የሚለው መረጃ በድረ ገጽ ብቻ አይገኝም።

የሐበሻው ኑሮ በሺፍት የተከፋፈለ ነው። ቡና ለማፍላት መጀመሪያ ማን እረፍት እንዳለው መቁጠር ያስፈልጋል። ትልልቅ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት፣ ምግብ ቤቶችና የቅመም ሱቆች ካልጋሪ ናቸው፤ ለበዓል ብዙ ጊዜ መንዳት ይመጣል። በዊንተር የሁለት ሰዓቱ መንገድ ቀልድ አይደለም። ነፋሱ በረዶውን አግድም ሲነዳ ፊት ያለው መኪና አይታይም፤ አውራ ጎዳናው የሚዘጋበት ቀንም አለ።

የሜዲሲን ሃት ኮሌጅ ቅርንጫፍ ብሩክስ ውስጥ ስላለ እንግሊዝኛና አንዳንድ ሙያ እዚያው መማር ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ግን ሌዝብሪጅ ወይም ካልጋሪ ነው። ልጆች ሲደርሱ ቤተሰቡ አብሮ ይነቅል ወይስ ይቆይ የሚለው ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች ጥቂት ዓመት ሠርተው፣ ወረቀታቸውን አስተካክለው ወደ ትልቁ ከተማ ይሄዳሉ። ቤት የገዙት ይቆያሉ፤ ከእነሱም ውስጥ ከቄራው ወጥተው የትራክ ሹፌር፣ የአረጋውያን ተንከባካቢ ወይም ባለ ሱቅ የሆኑ አሉ።