ወጥን የሚያጣፍጠው የዘይት ብዛት አይደለም፦ በአነስተኛ ወጪ ስለሚሠራ ራት የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የቤተሰብ ምግብ ዝግጅት ሥልጠና በምሰጥባቸው፣ በአዲስ አበባ ዳርቻ ባሉት በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ሰፈሮች፣ ስለ ርካሽ ራት ንግግር በተጀመረ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «ዘይት በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ምን ወጥ ይሠራል?» የሚል ነው። ዘይት መወደዱን ማንም አይክድም፤ እኔም ከአንድ ሱቅ ገዝቼ የምጠቀም ሰው ነኝ። የማልቀበለው ከጥያቄው ሥር ያለውን እምነት ነው። ጥሩ ወጥ ማለት ዘይቱ ከላይ የተንሳፈፈበት ወጥ ነው፣ ዘይት የቀነሰ ሁሉ ጣዕም ቀንሷል የሚለው ይህ እምነት ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ የብዙ ቤተሰብ ገንዘብ ሲበላ ስለማይ፣ ሌሎቹን ስህተቶች በአጭሩ እየነካሁ በእርሱ ላይ ግን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

«ዘይቱ ካልተንሳፈፈ ወጡ አልበሰለም»

የዚህ አባባል መነሻ ትክክለኛ ዕውቀት ነው። ባለሙያ እናቶች ቁሌቱ መብሰሉን የሚያውቁት ዘይቱ ከቁሌቱ ተለይቶ በድስቱ ጠርዝ ላይ ብቅ ሲል ነው። ይህ የሚሆነው በሽንኩርቱ ውስጥ የነበረው ውሃ ተንኖ ሲያልቅ፣ ሽንኩርቱም ፈርሶ ከበርበሬው ጋር ሲዋሐድ ነው። ስለዚህ የዘይቱ መለየት የመብሰል ምልክት እንጂ የመብሰል ምክንያት አይደለም። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻ የገባበት ቁሌትም በሚገባ ሲበስል በጠርዙ ቀላ ያለ ዘይት ያሳያል። በአንጻሩ አንድ ብርጭቆ ዘይት የተገለበጠበት ቁሌት፣ ሽንኩርቱ ገና ጥሬ ሳለ ዘይቱ ስለሚንሳፈፍበት ምልክቱን ራሱን ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። «ወጤ ዘይት አላነሰውም፣ ግን ጥሬ ጥሬ ይላል» የሚሉኝ ሰዎች ችግር በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ዘይቱ ስለታያቸው ድስቱን ቶሎ አውርደዋል።

«ያለ ዘይት ሽንኩርቱ ያርራል» የሚለውም መልስ ቀላል ነው። ከሽንኩርት ክብደት ወደ ዘጠኝ አሥረኛ የሚጠጋው ውሃ ነው። ደቆ ተከትፎ በደረቅ ድስት፣ በመለስተኛ እሳት ላይ ተከድኖ ሲቀመጥ ይህን ውሃ ያወጣል፤ በራሱ ውሃም ይበስላል። ማረር የሚጀምረው ውሃው ሲያልቅ ነው፤ በዚያን ጊዜ የሚያስፈልገው ደግሞ ጠብ ጠብ የሚደረግ ጥቂት ሙቅ ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም። ሽንኩርትን በደረቁ ማቁላላት እኔ ያመጣሁት አዲስ ነገር አይደለም፤ የቆየው የወጥ አሠራር ይኸው ነው፤ ቅቤውም ሆነ ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ከለሰለሰ በኋላ ነው።

ዘይት ፈጽሞ ይቅር ግን አልልም። የበርበሬ ቀለምና አብዛኛው መዓዛው የሚወጣው በውሃ ሳይሆን በስብ ነው፤ ስለዚህ ጥቂት ዘይት የግድ ያስፈልጋል፤ ከጥቂቱ በላይ ያለው ግን የበርበሬውን ጣዕም አይጨምርም። የቀይ ወጥን ጣዕም የሚወስነው በርበሬው በዝግታ፣ ውሃ ጠብ እየተደረገለት፣ ሳያርር የቆየበት ጊዜ ነው። ለዚህ የሚከፈለው ትዕግሥት ነው።

ለአራት ሰው የሚበቃ የምስር ክክ ወጥ የማስተምረው በሚከተለው መንገድ ነው። ሦስት መካከለኛ ሽንኩርት አድቅቀው ይክተፉና በደረቅ ድስት ከድነው፣ አልፎ አልፎ እያማሰሉ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቁላሉ። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሁለት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምረው፣ ሙቅ ውሃ ጠብ እያደረጉ ሌላ 15 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ይግባ፤ ቀጥሎም የታጠበ አንድ ተኩል ኩባያ ምስር ክክ ከአራት ኩባያ ሙቅ ውሃ ጋር ጨምረው ክኩ እስኪፈርስ፣ 25 ደቂቃ ገደማ ያብስሉ። በመጨረሻ ጨውና መከለሻ፣ ከተፈለገም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ ማውጣት ነው። በማውጫው ላይ የሚገባው ይህ አንድ ማንኪያ ላይ ላዩን ስለሚቀር ዓይንም ምላስም ቶሎ ያገኘዋል፤ መጀመሪያ ላይ ከሚገባው ብዙ ዘይት ይልቅ የወጡን ወዝ የሚያሳየው እርሱ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል፤ በዚህ አሠራር ለአንድ ድስት የሚወጣው ዘይት 45 ሚሊ ሊትር ነው። የ5 ሊትር ጀሪካን እንግዲህ ከ110 ድስት በላይ ይሠራል። አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር በየድስቱ የሚገለብጥ ቤት ግን ያንኑ ጀሪካን በ20 ድስት ይጨርሰዋል። ስድስት ሰው የምትመግብ አንዲት የቱሉ ዲምቱ ሠልጣኝ፣ ወር የማያደርሳት ጀሪካን ከሁለት ወር በላይ እንደቆየላት ነግራኛለች። ባለቤቷ ለውጡን ያወቀው ራት ላይ ሳይሆን የወሩን አስቤዛ ሲያሰላ ነው። በሥልጠና ላይ ሁለቱን ወጥ ጎን ለጎን ሠርቼ ሳልናገር ሳቀምስ፣ ዘይት ያነሰበትን ለይተው የሚያወጡ ሰዎች ጥቂት ናቸው፤ የሚለዩትም በጣዕሙ ሳይሆን እጃቸው ላይ በሚቀረው ቅባት ነው።

ከዚሁ ጋር የሚነሣ ሌላ ክርክር አለ፦ ዘይቱ ወጡን ከመበላሸት ይጠብቀዋል የሚል። አይጠብቀውም። ወጥ እንዳይበላሽ የሚያደርገው ከበሰለ በኋላ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ መግባቱ፣ ፍሪጅ በሌለበትም ሳይውል ሳያድር በጥቂት በጥቂቱ መሠራቱና የተረፈው ሁሉ ከመበላቱ በፊት እስኪንተከተክ መሞቁ ነው። በዘይት የተሸፈነ ለብ ያለ ወጥ ልክ እንደሌላው ይበላሻል።

«ጨው መጀመሪያ ላይ ከገባ እህል አይበስልም»

ሐሰት ነው። ሽምብራም ሆነ ቦሎቄ ጥቂት ጨው በገባበት ውሃ ቢዘፈዘፍ እንዲያውም ቆዳው ይለሰልሳል። መብሰሉን የሚያዘገየው እንደ ቲማቲምና ሎሚ ያለ ኮምጣጣ ነገር ነው፤ እርሱ ጥራጥሬው ከለሰለሰ በኋላ ይግባ። ቦሎቄ ግን ማደር አለበት፤ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ በአዲስ ውሃ ቢያንስ ለ10 ደቂቃ በኃይል መፍላት፣ ከዚያም እስኪለሰልስ መቀቀል ያስፈልገዋል፤ በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ያስታውካል።

«እሳቱ ሲበረታ ቶሎ ይበስላል»

ውሃ አንድ ጊዜ ከፈላ በኋላ እሳት ቢጨመርበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ የሚጨምረው የሚተነው ውሃና የሚያልቀው ከሰል ነው። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ስለሆነ ውሃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ አተርና ሽምብራ እዚህ የሚያስቸግሩንም በዚሁ ምክንያት ነው። መፍትሔው ማሳደር፣ መክደንና አቅም ከተገኘ ፕሬዠር መጠቀም ነው። ፕሬዠር ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥራል። «ቫይታሚኑን ይገድለዋል» የሚባለው ወሬም መሠረት የለውም፤ ክፍት ድስት ላይ ለሰዓታት ከመቀቀል የበለጠ ጉዳት የለውም። የኤሌክትሪክ ምድጃ ያለው ሰው ደግሞ ወጡ ሊወጣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ምድጃውን ያጥፋው፤ ብረቱ የያዘው ሙቀት ቀሪውን ይጨርሳል።

«የደረቀ እንጀራ ምግብ አይደለም»

ፍርፍር ምግብ ነው፤ ከትናንት ወጥ በተረፈ መረቅ የሚሠራ ፍርፍር ሙሉ ራት ነው። የሚጣለው የሻገተው ብቻ ነው፤ የሻገተ እንጀራ ደግሞ ጠርዙን ቆርሶ መብላት አይገባም፣ ሙሉው ይጣል።

«ሽሮ ሆድ ይሞላል እንጂ አይገነባም»

ይህን ከተማሩ ሰዎች አፍ ስሰማ እጅግ አዝናለሁ። ሽሮ የሚፈጨው ከአተር፣ ከሽምብራና ከባቄላ ነው፤ እነዚህ ጥራጥሬዎች ሳይበስሉ ከክብደታቸው ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚሆነው ፕሮቲን ነው። ጤፍ የሚጎድለውን ላይሲን የተባለውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ይሰጠዋል፤ ጥራጥሬ የሚጎድለውን ሜታዮኒን ደግሞ ጤፍ ይሰጠዋል። በሽሮ የሚበላ እንጀራ እንግዲህ በሥጋ ዕጦት የመጣ መጽናኛ ሳይሆን ራሱን የቻለ ገንቢ ምግብ ነው። አብሮት ቃሪያ ወይም በሎሚ የታሸ ሰላጣ ቢቀርብ፣ ሰውነት ከጥራጥሬው የሚያገኘው ብረት ይጨምራል፤ ቡናና ሻይ ግን ብረቱን ስለሚከለክሉ ከራት በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢቆዩ ይመረጣል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሽሮ የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ የሚገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ስለዚህ ቤቱ ሥጋ የሚገዛበት ገንዘብ ባይኖረውም፣ አንድ እንቁላል በተገኘ ጊዜ ቅድሚያ ለሕፃኑና ለነፍሰ ጡሯ ይሰጥ።

አሠራሩን በተመለከተ አንድ ኩባያ ሽሮ ለአራት ኩባያ ውሃ በቂ ነው። ሽሮው በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ ወደ ፈላው ቁሌት ቢገባ አይጓጉልም። ራሱ ስለሚወፍርም እንደ ምስር ወጥ ብዙ ሽንኩርት አይፈልግም፤ ሽንኩርት በሚወደድበት በክረምት ወራት አንድ ራስ ሽንኩርትና ሁለት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ይበቃዋል።

«ለብቻው ለሚኖር ሰው ከውጭ መብላት ይረክሳል»

ይህን የሚሉኝ በአብዛኛው ከመሃል ከተማ ታክሲ ተሰልፈው፣ ደክሟቸው፣ መሽቶ የሚገቡ ወጣቶች ናቸው። ድካማቸው እውነት ነው፤ ሒሳባቸው ግን ትክክል አይደለም። ወጪያቸውን የሚያስወድደው ማብሰሉ ሳይሆን አገዛዛቸው ነው፤ ማታ ከደጃፍ ሱቅ በፌስታል የሚገዛ ሩብ ሊትር ዘይትና በመደብ የሚገዛ ሦስት ፍሬ ሽንኩርት ከሸማቾች ሱቅና ከእሁድ ገበያ በኪሎ ከሚገዛው ይበልጥ ያስከፍላል። ሁለት ሦስት ጎረቤት ተጋርቶ ቢገዛ ልዩነቱ በመጀመሪያው ሳምንት ይታያል። ድካሙን በተመለከተ ደግሞ ፍሪጅ ያለው ሰው እሁድ ቁሌት ብቻ ሠርቶ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ሊያቆይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በቁሌቱ ላይ ሽሮ፣ ድንች ወይም ክክ መጨመር ብቻ ይቀረዋል። ሽሮ ከተዘጋጀ ቁሌት ጋር ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ በአንድ ምግብ ቤት ተራ ጠብቆ ከመብላት አይረዝምም። ፍሪጅ የሌለው ደግሞ ቁሌት የማያስፈልገውን የጥቅል ጎመንና የድንች አልጫ ይምረጥ፤ ሁሉም በአንድ ድስት፣ በአንድ ጊዜ ተከድኖ ይበስላል።

«ጓያ የሚያሽመደምደው እንፋሎቱ ነው»

ጓያ በርካሽ ሽሮ ውስጥ ተደባልቆ ሊፈጭ የሚችል የጥራጥሬ ዓይነት ስለሆነ፣ ርካሽ ሽሮ የሚፈልግ ሰው ሁሉ ይህን በጥንቃቄ ሊያነብበው ይገባል። ጓያ ሲቀቀል በእንፋሎቱ፣ ወይም ገለባውን በመንካት ሰው ሽባ ያደርጋል የሚል እምነት በአገራችን በስፋት አለ፤ በዚህም ምክንያት «እኔ አልቀቀልኩትም፣ ዱቄቱን ብቻ ነው የምገዛው» ብለው የሚረጋጉ አሉ። ጉዳቱ ያለው በፍሬው ውስጥ ነው፤ የሚመጣውም ጓያን ለሳምንታትና ለወራት ዋነኛ ምግብ አድርጎ በመብላት ነው። በአንድ ራት የሚመጣ በሽታ አይደለም፤ አንዴ ከመጣ ግን እግርን አሽመድምዶ የማይድን ይሆናል። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም፤ ከተፈጨ በኋላ ደግሞ ያም ዕድል የለም።

ስለዚህ የሚሻለው ምንጩ ያልታወቀ ዱቄት ከመግዛት እህሉን ገዝቶ ማስፈጨት ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ በአቃቂና በአድአ ጥቁር አፈር ላይ ሽምብራና ምስር በስፋት ይመረታል፤ አዲሱ ምርት በሚገባበት ከጥር በኋላ ባሉት ሳምንታት መግዛት በዋጋም ያዋጣል። ጓያ ማዕዘን ማዕዘን ያለው፣ ግራጫማና ነጠብጣብ የበዛበት ፍሬ ስለሆነ ያልተከካውን እህል በሰፌድ ላይ ዘርግቶ የሚያይ ሰው ይለየዋል፤ ተከክቶ ከአተር ክክ ጋር ከተደባለቀ ግን መለየቱ እጅግ ያስቸግራል። እህሉን ሳይከካ ይግዙ፣ ይልቀሙ፣ ይቁሉ፣ ያስከኩ፣ ከዚያም ከቅመሙ ጋር ወፍጮ ቤት ይዘው ሄደው እስኪፈጭ ቆመው ይጠብቁ።