ሳይንስ መድረክ ሲወጣ፦ የመሃል አዲስ አበባ የሳይንስ ዝግጅቶች

ሳይንስን እንደ በዓል ለሕዝብ ማቅረብ በሌላውም ዓለም ያን ያህል አሮጌ ልማድ አይደለም። ከቀደምቶቹ አንዱ የሆነው የኤዲንብራ የሳይንስ ፌስቲቫል የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በአዲስ አበባ ነገሩ ገና ጨቅላ ይሁን እንጂ ቦታ አልቸገረም። አራት ኪሎ የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ አለ። ከዚያ ሽቅብ ወደ አምስት ኪሎ ሲሉ፣ የ3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ተከፈተ። ወዳጅነት ፓርክ አካባቢ ያለው ሳይንስ ሙዚየም ደግሞ በመስከረም 2015 ተመረቀ።

ከቦታው ይልቅ የሚከብደው ሰው መሰብሰቡ ነው። አዘጋጆች ወደ ታዋቂ ሰው የሚሮጡትም ለዚህ ነው። የሬዲዮ ጋዜጠኛ፣ ኮሜዲያን፣ ተዋናይ፣ አሁን አሁን ደግሞ ቲክቶከር። ሮቦትም ዝነኛ ልትሆን እንደምትችል በ2010 አይተናል። አዲስ አበባ ያለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያ አይኮግ ላብስ በሶፍትዌሯ ሥራ የተሳተፈባት ሮቦት ሶፊያ ወደ ከተማችን ስትመጣ፣ የአካሏ ክፍሎች የነበሩበት ሻንጣ ፍራንክፈርት ኤርፖርት ጠፋ። ወሬው ከሮቦቷ ቀድሞ ከተማውን አዳረሰ። ኋላ ላይ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር እራት ታድማለች።

ዝነኛ ሰው አዳራሽ ይሞላል። ግን ሕዝቡ ሰልፊ ተነስቶ ይሄዳል፣ ፕሮፌሰሩ ለባዶ ወንበር ያወራሉ። መድኃኒቱ፣ በእኔ እምነት፣ ዝነኛውን የክብር እንግዳ ከማድረግ ይልቅ ጠያቂ ማድረግ ነው። «ቆይ፣ አልገባኝም» ማለት የማያፍር ሰው ያስፈልጋል። ተመልካቹ ሊጠይቅ ያፈረውን እሱ ይጠይቅለታል። ሳይንቲስቱም ከእንግሊዝኛው ወርዶ በአማርኛ ለማስረዳት ይገደዳል። የመክፈቻ ንግግሮቹን ማሳጠር ደግሞ ግዴታ ነው። ሦስት ባለሥልጣን ተራ በተራ ከተናገረ ልጆቹ ውጭ ፈንዲሻ ፍለጋ ወጥተዋል ማለት ነው።

ተቀምጦ ማድመጥ ለከተማው ሰው እንግዳ አይደለም። ራስ ሆቴል ይቀርብ የነበረው ግጥም በጃዝ ከፍሎ የሚገባ ታዳሚ ነበረው፤ ግጥም፣ ሙዚቃና ዲስኩር ባንድ ምሽት። ሳይንስም በዚህ በር መግባት ይችላል። የእንዶድን ታሪክ አስቡት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቢልሃርዚያ የተባለው በሽታ ደግሞ የሚተላለፈው በቀንድ አውጣ በኩል ነው። ምርምሩ ከዚያ ጀመረ። ይህንን ጥሩ ተራኪ ከያዘው፣ አንድ ባልዲ ውሃና አንድ እፍኝ እንዶድ ለመድረኩ ይበቃል።

ትርኢቱ ውድ ዕቃ አይፈልግም። ከተማችን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምድጃና ቴርሞሜትር ይዞ ይህን ማሳየት ይቻላል። ባቄላው እዚህ ለምን አልበስል እንደሚል ለእናቶች ሲነገር፣ ሳቁ ራሱ ማስታወቂያ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን የጥላው ነገር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ ሚያዝያ 5 እና ነሐሴ 24 አካባቢ። ቀን 6 ሰዓት ከ25 ገደማ ላይ መስቀል አደባባይ ቀጥ ብሎ የተተከለ እንጨት ጥላ አይኖረውም ማለት ይቻላል። ዝነኛው ሰው መሃል ቆሞ ጥላውን ይፈልግ፣ ካሜራው ከላይ ይቅረጸው። መግቢያ በነፃ፣ ጄኔሬተር አያስፈልግ። የሚያዝያው ይሻላል፤ ነሐሴ ላይ ደመናው ፈቃድ አይሰጥም።