በጣና ዳርቻ የአገር ዶሮን በመልክና በዘር መርጦ ማርባት

የአገር ዶሮን በላባው መልክ፣ በአናቱ (ጭንቅላቱ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ) ቅርጽና በአካሉ አቋም እየመረጡ ማርባት በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ ባሉ ወረዳዎች የቆየ ሥራ ነው። መለኪያው በገዢና በአርቢ ዓይን ውስጥ ያለ ነው፤ ዳኝነቱም በገበያ ቀን ይሰጣል። በአውሮፓና በአሜሪካ ግን ይኸው ሥራ በጽሑፍ በሰፈረ መለኪያና በውድድር ይመራል። የአሜሪካው የዶሮ ዝርያዎች መለኪያ መጀመሪያ የታተመው በ1874 እ.ኤ.አ. ሲሆን ለእያንዳንዱ ዝርያ ክብደት፣ ቀለምና የአናት ቅርጽ ይወስናል። ሮድ አይላንድ ሬድ ለተባለው ዝርያ ለምሳሌ አውራው 3.9 ኪሎ ግራም፣ ሴቷ 2.9 ኪሎ ግራም ያህል እንዲሆኑ ይጠበቃል። የኢትዮጵያ ዶሮዎች በዚህ መለኪያ ውስጥ አልገቡም።

ያልገቡት ግን መልካቸው ስለማያምር አይደለም። አንድ ዝርያ ለውድድር የሚቀርበው ወላጆቹን የሚመስል ጫጩት ትውልድ ከትውልድ ሲሰጥ ነው፤ በአንድ የገጠር ግቢ ግን ከአንዲት እናት ዶሮ ሥር አምስት ዓይነት መልክ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎች የአገሩን ዶሮ ዝርያ ከማለት ይልቅ በተገኘበት አካባቢ ስም ይጠሩታል። በ2007 እ.ኤ.አ. የቀረበው የሐሊማ ሐሰን ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጥሊሊ፣ ገሊላ፣ ደብረ ኤልያስ፣ መሎ ሐሙሲት፣ ጋሳይ፣ ጓንጓና መጫ የተባሉትን ለይቶ አይቷል። ከእነዚህ ለሐይቁ ቅርብ የሆኑት በስተ ምሥራቅ መሎ ሐሙሲት፣ በስተ ደቡብ ደግሞ መጫ ናቸው።

ቀለሙን ለመግለጽ አርቢው የቃል እጥረት የለበትም። ከነጭ፣ ከቀይና ከጥቁር ሌላ ግራጫ የተቀላቀለበት ገብስማ፣ ነጭና ቀይ የተዋሐዱበት ወሰራ፣ በጥቁር ላይ ነጭ የተረጨበት ዝግርማ፣ ደረቱ ወርቃማ የሆነ ልበ ወርቅ አለ። ጭንቅላቱ ላይ ላባ የቆመለት ጉትያ፣ አንገቱ ላባ የሌለው ደግሞ መላጣ ይባላል። ገበያው ቀይና ነጭ ይወዳል፤ ጥቁር ሲሆን ዋጋው ዝቅ ይላል። አናቱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ድርብ የሆነ አውራ ደግሞ ነጠላ ካለው የበለጠ ያወጣል። ለቤት እምነት ሲባል አንድን መልክ ብቻ ለይቶ የሚፈልግ ገዢም አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ያዘዘውን መልክ ካላገኘ ሌላውን በቅናሽም አይወስድም።

ገዢ ሲመርጥ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ይዞ ዶሮውን ከፍ ያደርግና በእጁ ይመዝነዋል። ከዚያ አውራ ጣቱን በደረት አጥንቱ ግራና ቀኝ ያስኬዳል። አጥንቱ እንደ ቢላ ከተሳለ ሥጋ የለውም ማለት ነው። ዓይኑ የጠራ፣ አናቱ የቀላ፣ ኩስ መውጫው ንጹሕ መሆኑንም ያያል። የውድድር ዳኞች ዶሮን እጃቸው ላይ አስቀምጠው የሚፈትሹትም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

አርቢውን በጣም የሚያደክመው የአናቱ ቅርጽ ነው። ድርብ በነጠላ ላይ የበላይ ስለሆነ፣ ማለትም ነጠላውን በውስጡ ደብቆ ሊታይ ስለሚችል፣ ድርብ አውራና ድርብ ሴት ተገናኝተው ነጠላ ጫጩት ሊፈለፈል ይችላል፤ ከሁለት ነጠላዎች ግን ነጠላ ብቻ ይወጣል። እንግሊዛዊው ተመራማሪ ዊልያም ቤትሰን፣ መልክ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርስበት የሜንዴል ሕግ በእንስሳት ላይም እንደሚሠራ በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳየው በዚሁ በዶሮ አናት ነው። የአውራን ዘር ለመፈተሽ ነጠላ ካላቸው ሴቶች ጋር ማገናኘት ይበቃል። ነጠላን በውስጡ የደበቀ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ያህሉ ጫጩት ነጠላ ይሆናል። ሌላ አውራ አስቀድሞ ከነበረ ሴቶቹን ሦስት ሳምንት ያህል ለይቶ ማቆየት ያስፈልጋል፤ ዶሮ የቀድሞውን አውራ ዘር በሆዷ ይዛ ትቆያለችና። ከዚያ በኋላ የተጣለው እንቁላል ከሳምንት ሳያልፍ ይታቀፋል፤ በ21 ቀን ይፈለፈላል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ግን የበዓል ገበያ ነው። ለፋሲካ፣ ለገናና ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ የሚሸጠው አውራ በመልኩም በክብደቱም የተመረጠው ነው፤ ግቢ የሚቀረው ግን ገዢ ያልፈለገው። እንዲህ ሲሆን ምርጡ ዘር ሳይተካ ወደ ድስት ይገባል፤ የሚራባው የተረፈው ነው። የውድድር አርቢ ሥርዓት በዚህ በኩል ለጣና ዳርቻ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ ከሁሉ የሚበልጠው አውራ አይሸጥም፣ ከስምንት እስከ አሥር ሴት ተሰጥቶት ይቀመጣል። ዋጋው በሚወደድበት ሳምንት ይህን ማድረግ ለድሃ ቤተሰብ ከባድ መሆኑ ግልጽ ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች አንድ ጥሩ አውራ በጋራ ቢይዙና በየጊዜው ቢለዋወጡት ሸክሙ ይቀላል፤ አባት ከልጁ እንዳይገናኝም ይረዳል።

ሁለተኛው አደጋ መቀላቀል ነው። ሮድ አይላንድ ሬድና ነጭ ሌግሆርን ከውጭ ከገቡ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ዛሬ ደግሞ እንደ ሳሶና ኮኮክ ያሉ ዶሮዎች በየገበያው ይሸጣሉ። እንቁላልና ሥጋቸው ብዙ ስለሆነ መርባታቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብትጥል ነው። ነገር ግን ከአገሩ ዶሮ ጋር በአንድ ግቢ ሲለቀቁ፣ ራሷ የምትታቀፍና ጫጩቷን ከጭልፊት የምትከላከል እናት ዶሮ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠፋች ትሄዳለች። ከባሕር ዳር ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከልና በዘንዘልማ የሚገኘው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ለዚህ ሥራ ቅርብ ናቸው።

ፈንግል ከገባ ደግሞ የዓመታት ምርጫ በሳምንት ውስጥ ያልቃል፤ በሽታው ከግቢ ወደ ግቢ በፍጥነት ይዛመታል። ከገበያ የመጣን ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻው ማቆየትና የፈንግል ክትባቱን በወቅቱ መስጠት ከማንኛውም የመልክ ምርጫ ይቀድማል። የታመመ ዶሮን ቶሎ አውጥቶ ገበያ መሸጥ፣ የተለመደ ቢሆንም፣ የጎረቤትን ግቢ ባዶ የሚያስቀር ሥራ ነው።