ስለ ሥዕል፣ ፎቶግራፍና ሥነ ሕንፃ የሚደረግ ረጅም ቃለ ምልልስ

ረጅም ቃለ ምልልስ፣ አንድ ጠያቂ ከሠዓሊ፣ ከፎቶ አንሺ ወይም ከአርክቴክት ጋር ደጋግሞ ተገናኝቶ ስለ ሥራው ያወጋውን በመጽሐፍ ወይም በድምፅ ቅጂ የሚያቆይ ዘርፍ ነው። ከጋዜጣ ቃለ ምልልስ የሚለየው በጠያቂው ትዕግሥት ነው፤ ጠያቂው ሥራውን በቅርብ ካላወቀው ከባለሙያው አፍ የሚወጣው ሌላ ቦታ የተባለው ብቻ ይሆናል።

ፎቶ አንሺው ብራሳይ የፓብሎ ፒካሶን ቅርጻ ቅርጾች ለአንድ የፓሪስ መጽሔት ለማንሣት እ.ኤ.አ. በ1932 ወደ ሠዓሊው ዘንድ ሄደ። በኋላም፣ ጀርመኖች ፓሪስን በያዙበት ጊዜ ሳይቀር፣ ለዚሁ ሥራ ሲመላለስ የሰማውን በቁራጭ ወረቀት እየጻፈ በትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ያጠራቅም ነበር። ጽሑፉ በ1964 መጽሐፍ ሆኖ ታተመ።

በዘርፉ እጅግ የሚጠቀሰው ግን እንግሊዛዊው ሐያሲ ዴቪድ ሲልቬስተር ከ1962 እስከ 1986 ከሠዓሊው ፍራንሲስ ቤከን ጋር ያደረገው ነው። ቤከን የሚሥለውን ሰው ፊቱ ከማስቀመጥ ይልቅ ከፎቶግራፍ መሥራትን እንደሚመርጥ ለሲልቬስተር ነግሮታል። የጓደኞቹን ምስል በብዛት ያነሣለት ፎቶ አንሺው ጆን ዲኪን ሲሆን፣ ሠዓሊው በ1992 ከሞተ በኋላ ስቱዲዮው ሲፈተሽ ፎቶግራፎቹ ተጨማደውና ቀለም ተንጠባጥቦባቸው ከወለሉ ተለቅመዋል፤ ቃሉና የሥራ ቦታው እንዲህ ሲመሳከሩ ማየት የዘርፉ ትልቁ ጥቅም ይመስለኛል። ሲልቬስተር በበኩሉ ከተለያዩ ቀናት ቅጂዎች ቆርጦና ቅደም ተከተላቸውን ለውጦ እንዳቀናጀ አልደበቀም፤ ስለዚህ አንባቢ የያዘው የተሰናዳ ጽሑፍ እንጂ ቃል በቃል የተገለበጠ ንግግር አይደለም።

ሕንፃ የባለቤቱም፣ የመሐንዲሱም፣ የገንዘቡም ውጤት ስለሆነ የአርክቴክቶች ቃለ ምልልስ ከሥዕሉ ይልቅ ወደ ታሪክ ሰነድነት ያደላል። የቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም የከተማዋን አርክቴክቶች ትዝታ ከ1983 ጀምሮ በድምፅ አስቀርጿል። በ2006 ደግሞ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ አዘጋጁ ሃንስ ኡልሪክ ኦብሪስትና አርክቴክቱ ሬም ኩልሃስ ለንደን ውስጥ ሠዓሊዎችን፣ ጸሐፊዎችንና አርክቴክቶችን እያፈራረቁ ለ24 ሰዓት ጠይቀዋል። ኩልሃስ ወደ ሥነ ሕንፃ ከመግባቱ በፊት ጋዜጠኛ ስለነበር መጠየቅ የቀድሞ ሙያው ነበር፤ ውይይቱ የተካሄደበትን ጊዜያዊ ድንኳንም ከመሐንዲሱ ሴሲል ባልሞንድ ጋር የነደፈው ራሱ ነው። በአየር የተነፋው ጣሪያ እንደ አየሩ ጠባይ ከፍና ዝቅ ይል ነበር።