«አምኖ ይገላገል» እና ሌሎች የተጠርጣሪን ቤተሰብ የሚያሳስቱ ወሬዎች

ደሴ ላይ ልጁ በስርቆት የተያዘበት ቤተሰብ የጥብቅና ቢሮዬ ሲመጣ፣ ገና ሳይቀመጥ የሚለውን አውቀዋለሁ። «አምኖ ይገላገል ብለን መክረነዋል።» ያናድደኛል። ጠበቃ ሳያማክሩ በልጃቸው ላይ ዋናውን ማስረጃ አዘጋጅተው መምጣታቸው ነው።

አምኖ የተገላገለ አላየሁም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው። የሚናገረው በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም ሊነገረው ይገባል። ተገዶ የሰጠው ቃል ተቀባይነት የለውም። በዘመድ ምክር የሰጠውን ግን ማን አስገደደው ይባላል?

አንድ የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ ያገለገለ ስልክ ያለ ደረሰኝ ገዛ። ስልኩ የተሰረቀ ሆኖ ተገኘና ተያዘ። አጎቱ «እመንና ቶሎ ውጣ» አለው። ልጁም ቤት ሰብሬ ወሰድኩ ብሎ ፈረመ። ቤት መስበር ነገሩን ወደ ከባድ ስርቆት ይወስደዋል። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 669 ቅጣቱ ከ1 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው! ቤቱ በተሰበረበት ሌሊት ልጁ ኮምቦልቻ ፈረቃ ላይ ነበር። የፋብሪካው መዝገብ ላይ የገባበትም የወጣበትም ሰዓት ከነፊርማው አለ። በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ቤት ሰብሮ ሊመለስ አይችልም። መዝገቡን አስቀርበን በነፃ ተሰናበተ። ያቺን የፈረማትን የእምነት ቃል እስክናስተባብል ግን ወራት ታስሮ ከረመ። ባይፈርም ኖሮ ጥያቄው የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ገዛ ወይ የሚለው ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጃችሁን እንዲህ በሉት፦ ስምህንና አድራሻህን ተናገር። ስለ ነገሩ ጠበቃ ሳላማክር አልናገርም በል። ያላነበብከውን አትፈርም፤ ማንበብ ካልቻልክ ይነበብልኝ በል። ያላልከው ተጽፎ ካገኘህ ይስተካከል በል። በእርግጥ አድርጎት ከሆነ ማመኑ ቅጣት ሊያቀልለት ይችላል። እሱ ግን ክሱን አይቶ፣ ከጠበቃው ጋር ተመካክሮ የሚወስነው ነገር ነው።

«ዕቃው ተመልሶ ሽማግሌ ካስታረቀ ክሱ ይዘጋል» ይላሉ። ክሱን የያዘው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ባለ ንብረቱ ይቅር ስላለ ብቻ አይዘጋም። እርቁ ለቅጣት ማቅለያ ይረዳል። የወሎን ሽማግሌዎች አከብራለሁ። ግን የእርቁ ወረቀት ላይ «የሰረቀውን መለሰ» ብለው ሲጽፉ ያቺ ወረቀት ዞራ ልጁን ትወጋዋለች። ከመፈረሟ በፊት አሳዩኝ።

ዋስ ማግኘት በነፃ መለቀቅ አይደለም። ቀጠሮ የቀረ ተመልሶ ይታሰራል።

«48 ሰዓት ካለፈ ይለቀቃል» የሚለውም ስህተት ነው። 48 ሰዓት ፍርድ ቤት የሚቀርብበት ጊዜ ነው፤ የጉዞው ጊዜ አይቆጠርም። ከዚያ ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ ዳኛው በአንድ ጊዜ እስከ 14 ቀን ሊፈቅድ ይችላል። በየቀጠሮው «በተሰጣችሁ ቀን ምን ሠራችሁ?» ብሎ መሞገት የጠበቃ ሥራ ነው።

ጠበቃ ደግሞ ለሀብታም ብቻ አይደለም። አቅም በማጣት ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም አንቀጽ 20 ይላል። ተከሳሹ ክሱ ሲነበብለት፣ መልስ ከመስጠቱ በፊት «ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም፣ ተከላካይ ጠበቃ ይመደብልኝ» ብሎ ዳኛውን ይጠይቅ።